ቦርዱ ሲነሳ ከርነሉ ምን ያነባል? ዲቫይስ ትሪን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ

(በባሕር ዳር ለኢምቤድድ ሲስተም ተማሪዎችና በጣና ዙሪያ የመለኪያ ጣቢያ ለሚተክሉ ቴክኒሻኖች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

ጤና ይስጥልን። የዛሬው ርእስ ጠባብ ነው። ቦርዱ ኃይል ካገኘ በኋላ፣ የመጀመሪያው ድራይቨር (አንድን መሣሪያ የሚያሠራ ኮድ) ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ቦርዱ ምን ምን ሃርድዌር እንዳለው በምን ያውቃል? መልሱ ዲቫይስ ትሪ ነው፤ የቦርዱን ሃርድዌር በዛፍ መልክ የሚዘረዝር ፋይል። ይህን ያልተረዳ ሰው መጀመሪያ ሴንሰሩን ይቀይራል፣ ቀጥሎ ገመዱን፣ በመጨረሻም ቦርዱን ራሱን። ስሕተቱ ግን ብዙ ጊዜ ከርነሉ በተሰጠው ወይም ባነበበው ጥቂት ባይት ውስጥ ነው የሚገኘው። ዘጌ ወይም ጎርጎራ ላይ የቆመ ጣቢያ ደግሞ በየሳምንቱ ተኪዶ የሚነካካ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሃርድዌሩን ከመጠርጠራችን በፊት ሦስት ነገር እናጣራ፦ በፋይሉ ምን ተጻፈ፣ ቡትሎደሩ (ከርነሉን ጭኖ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ምን ለወጠበት፣ ከርነሉስ ምን ብሎ አነበበው።

ምሳሌ እንዲሆነን የሐይቁን የውሃ ከፍታ የሚለካ ጣቢያ እንውሰድ። ባለ 64 ቢት አርም ፕሮሰሰር ያለው ትንሽ ቦርድ ነው። ውሃ ውስጥ የተቀመጠው የግፊት መለኪያ በአርኤስ-485 መስመር ከአንዱ ዩአርት (ተከታታይ የመረጃ ወደብ) ጋር ይገናኛል። አይ2ሲ ባስ (ቺፖች በአድራሻ የሚጠሩበት የጋራ መስመር) ላይ ሁለት ቺፖች አሉ፤ ሰዓት የሚይዘው ዲኤስ3231 በሄክስ (በ16 መሠረት በሚጻፍ ቁጥር) 68 አድራሻ፣ የአየር ግፊት የሚለካው ቢኤምፒ280 በሄክስ 76 አድራሻ። መረጃው በጂኤስኤም ሞደም ይላካል፤ የሞደሙን ኃይል የሚከፍትና የሚዘጋ አንድ ጂፒአይኦ ፒን አለ። ባሮሜትሩ የግድ ያስፈልጋል። ውሃ ውስጥ ያለው መለኪያ የአየር መተንፈሻ ቱቦ ከሌለው የውሃውንና የአየሩን ግፊት ደምሮ ነው የሚሰጠው፤ የአየሩ ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲለዋወጥ የውሃው ንባብ በ1 ሴንቲሜትር ገደማ ይዛባል።

ኮምፒውተር ላይ የፒሲአይ ወይም የዩኤስቢ መሣሪያ ሲጠየቅ ማን እንደሆነ ይናገራል። ከላይ የጠቀስናቸው ግን አይናገሩም። አይ2ሲ ላይ በ68 ብትጠሩ አንድ ቺፕ «አለሁ» ይላችኋል፤ ሰዓት ይሁን ሌላ ግን አታውቁም። ዩአርቱ ደግሞ ገመዱ ጫፍ ላይ ምን እንደታሰረ ጨርሶ አያውቅም። ሜሞሪውም ስንት እንደሆነና ከየት እንደሚጀምር በራሱ አይገልጽም። ስለዚህ አንድ ሰው ጽፎ ለከርነሉ ማስረከብ አለበት።

የድሮው መንገድ ለእያንዳንዱ ቦርድ የሲ ፋይል መጻፍ ነበር። 32 ቢት አርም ላይ ቡትሎደሩ በአር1 ሬጂስተር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለ ትንሽ ማከማቻ) የቦርዱን መለያ ቁጥር፣ በአር2 ደግሞ የአታግ (ስለ ሜሞሪና ስለ ማስነሻው የሚናገር አጭር መረጃ) ዝርዝር አድራሻ ያቀብል ነበር። የቦርድ ፋይሎቹ እየበዙ ሄደው በ2011 እ.ኤ.አ. የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ የአርም አዘጋጆችን በይፋ ወቀሰ፤ ከዚያ በኋላ ነው አርም ወደ ዲቫይስ ትሪ በስፋት የዞረው። ሐሳቡ ግን ከዚያ ይቀድማል። መነሻው በ1994 የወጣው የኦፕን ፈርምዌር ደረጃ ሲሆን፣ ወደ አንድ ጠፍጣፋ የባይት ጥቅል የተቀየረው በፓወርፒሲ ሊኑክስ በኩል ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ዲቫይስ ትሪውን የያዘው ጥቅል በሜሞሪ ላይ አንድ ቦታ ተቀምጧል፤ ከርነሉ የሚቀበለው አድራሻውን ብቻ ነው። በ64 ቢት አርም የሊኑክስ አነሳስ ደንብ አድራሻው በኤክስ0 ይመጣል፤ በ32 ቢት አርም በአር2፤ በሪስክ-ቪ ደግሞ በኤ1፣ ኤ0 ውስጥ የኮሩ ቁጥር ሆኖ። በ64 ቢት አርም ጥቅሉ በ8 ባይት የተስተካከለ አድራሻ ላይ መሆንና ከ2 ሜጋባይት አለመብለጥ አለበት።

የመጀመሪያው ወጥመድ እዚሁ ነው። ኤክስ0 የመጀመሪያው የፈንክሽን መለኪያ የሚቀመጥበት ሬጂስተር ስለሆነ፣ የመነሻው አሴምብሊ ኮድ ማንኛውንም ነገር ከመጥራቱ በፊት አድራሻውን ሌላ ቦታ ማኖር አለበት። ብዙዎች ወደ አንድ ግሎባል ተለዋዋጭ ያስገቡታል። ተለዋዋጩ መነሻ ዋጋ ከሌለው የሚቀመጠው ቢኤስኤስ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጥቂት መስመር ቆይቶ ኮዱ ቢኤስኤስን በዜሮ ሲሞላ አድራሻውም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከኤክስ19 በላይ ካሉት፣ ፈንክሽን ሲጠራ ከማይበላሹት ሬጂስተሮች በአንዱ ያዙት፤ ሊኑክስ በኤክስ21 ይይዘዋል። ወደ ሜሞሪ የሚጻፈው ቢኤስኤስ ከጸዳ በኋላ ነው። ሌላም አለ፦ ቡትሎደሩ ጥቅሉን ከከርነሉ ፋይል መጨረሻ አጠገብ ካስቀመጠው፣ ቢኤስኤስ በፋይሉ ውስጥ ቦታ ስለማይይዝ ማጽዳቱ ጥቅሉን ራሱን ይደመስሳል። ከርነሉ ሲያድግ ብቻ የሚታይ ብልሽት ስለሆነ ሰውን ብዙ ያደክማል። በከርነሉ ኢሜጅ ራስጌ ላይ የሚጻፈው መጠን ቢኤስኤስን የጨመረ ይሁን፤ ጥቅሉም ራቅ ብሎ ይቀመጥ።

የጥቅሉ ራስጌ 40 ባይት ነው፤ እያንዳንዳቸው 32 ቢት የሆኑ 10 ቁጥሮች። ሁሉም የተጻፉት ትልቁ ባይት ቀድሞ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር መለያው ነው፤ በሄክስ ዲ00ዲ-ኤፍኢኢዲ። አርም በተለመደው አሠራሩ ትንሹን ባይት አስቀድሞ ስለሚያነብ፣ ባይቶቹን ካልገለበጣችሁ የምታገኙት ኢዲኤፍኢ-0ዲዲ0 ነው። ይህን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ፤ አድራሻው ትክክል ነው፣ የቀረው መገልበጥ ብቻ ነው። ከሁለቱም ውጭ የሆነ ቁጥር ከመጣ ግን አድራሻው ጠፍቷል ወይም ጥቅሉ ተደምስሷል ማለት ነው።

ከመለያው ቀጥሎ ጠቅላላ መጠኑ፣ የመዋቅሩ ክፍል መነሻ፣ የስሞች ክፍል መነሻ፣ የተያዙ ሜሞሪዎች ዝርዝር መነሻ፣ ስሪቱ፣ ተኳኋኝ የሆነው ዝቅተኛ ስሪት፣ የሚያስነሳው ኮር ቁጥር፣ በመጨረሻም የስሞችና የመዋቅር ክፍሎች መጠን ይመጣሉ። ዛሬ የምናገኘው ስሪት 17 ነው፤ ዝቅተኛው ተኳኋኝ 16። እያንዳንዱ መነሻ ከነመጠኑ በጠቅላላው መጠን ውስጥ መውደቁን ሳታረጋግጡ አንድ እርምጃ አትቀጥሉ። በኃይል መቆራረጥ የተበላሸ ኤስዲ ካርድ ግማሹ ዜሮ የሆነ ጥቅል ሊሰጣችሁ ይችላል፤ መለያው ትክክል ሆኖ ውስጡ ባዶ።

መዋቅሩ የ32 ቢት ምልክቶች ተከታታይ ነው። 1 ኖድ (የዛፉን አንድ ቅርንጫፍ) ይከፍታል፣ 2 ይዘጋል፣ 3 ፕሮፐርቲ (ስምና ዋጋ ያለው የኖዱ መግለጫ) ነው፣ 4 ተዘሎ የሚታለፍ፣ 9 ደግሞ ፍጻሜ። ከ1 በኋላ የኖዱ ስም በዜሮ ባይት ተዘግቶ ይመጣል፤ የሥሩ ኖድ ስም ባዶ ስለሆነ አራት ዜሮ ባይት ብቻ ታያላችሁ። ከ3 በኋላ የዋጋው ርዝመት፣ ከዚያ ስሙ በስሞች ክፍል ውስጥ የሚገኝበት ቦታ፣ ከዚያ ዋጋው ራሱ። ሁሉም ነገር ወደ 4 ባይት ይጠጋጋል። «ኦኬይ» የሚለው የስታተስ ዋጋ በላቲን 4 ፊደል ነው፤ ከመዝጊያው ዜሮ ጋር ርዝመቱ 5 ተብሎ ይጻፋል፣ በጥቅሉ ውስጥ ግን 8 ባይት ይይዛል። 5 ብቻ የተራመደ ኮድ ቀጣዩን ምልክት ከመሐል ያነብና ከ1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 9 ውጭ የሆነ ቁጥር ያገኛል። ኮዳችሁ እንዲህ ያለውን ቁጥር ሲያገኝ የቆመበትን ቦታ አትሞ ይቁም፤ ዝም ብሎ አይለፍ።

አሁን ብዙ ጊዜ ልንቆይበት የሚገባው ቦታ ደረስን። «ሬግ» የሚባለው ፕሮፐርቲ አድራሻና መጠን ይይዛል፤ ግን አድራሻው ስንት ሴል፣ መጠኑ ስንት ሴል እንደሆነ ራሱ አይናገርም። አንድ ሴል 32 ቢት ነው። የሴሎቹን ብዛት የሚወስኑት በወላጅ ኖድ ላይ ያሉት «አድሬስ-ሴልስ»ና «ሳይዝ-ሴልስ» ናቸው። የወላጁ እንጂ የራሱ የኖዱ አይደሉም። ከአያትም አይወረሱም፤ ወላጁ ላይ ካልተጻፉ 2 እና 1 ተብለው ይወሰዳሉ።

ስሕተቱ ምን እንደሚያስከትል በኪውኢሙ (ኮምፒውተርን በሶፍትዌር የሚያስመስል ፕሮግራም) «ቨርት» ማሽን እንየው። ሜሞሪው በሄክስ 4000 0000 ይጀምራል፤ ሳይነገረው የሚሰጠው መጠን 128 ሜጋባይት ነው። የሥሩ ኖድ 2 እና 2 ስለሚል የሜሞሪው ሬግ አራት ሴል ነው፦ 0፣ 4000 0000፣ 0፣ 0800 0000። ይህን 1 እና 1 ነው ብሎ ያነበበ ከርነል ሁለት ሜሞሪ ያገኛል፤ አንዱ ከአድራሻ 0 ጀምሮ 1 ጊጋባይት፣ ሁለተኛውም ከአድራሻ 0 ጀምሮ 128 ሜጋባይት። በዚያ ማሽን አድራሻ 0 ላይ ያለው ፍላሽ ነው። ከርነሉ የመጀመሪያውን ገጽ (የሜሞሪ ክፍልፋይ) ለመጻፍ ሲሞክር ይወድቃል፤ ሰውየው ግን የገጽ አስተዳዳሪውን ኮድ ሲመረምር ይውላል።

የአይ2ሲ ኖድ ደግሞ ለልጆቹ 1 እና 0 ይላል። አድራሻ አንድ ሴል፣ መጠን ጭራሽ የለም። መጠን ይኖራል ብሎ የሚያነብ ኮድ ከፕሮፐርቲው ወሰን አልፎ ቀጣዩን ምልክት እንደ መጠን ይወስዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ የፕሮፐርቲውን ርዝመት በአንድ ግቤት ባይት አካፍሉ፤ ቀሪ ካለ የሴል ቁጥራችሁ ተሳስቷል።

በምንጭ ፋይሉም ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት አለ። ሰዓቱን ሲያስገቡ ሬጉ ላይ የሄክስ ምልክቱን ሳያስቀድሙ 68 ብቻ ይጽፋሉ። አሰናጁ ዲቲሲ (ምንጩን ወደ ጥቅል የሚለውጠው ፕሮግራም) ይህን እንደ ዐሥር-ቤት ቁጥር ይወስደዋል፤ በሄክስ 44 ይሆናል። በዚያ አድራሻ የሚመልስ የለም። ጣቢያው ቀን ላይ በትክክል ይሠራል፤ ሌሊት ኃይል ጠፍቶ ሲመለስ ግን የመዝገቡ ቀን 1970 ይላል። ዲቲሲ ይህን ሲያሰናዳ ያስጠነቅቃል፤ በኖዱ ስም ላይ ያለው 68 ከሬጉ ጋር አይገጥምምና። ማስጠንቀቂያዎቹን አጥፍታችሁ አታሰናዱ።

ትክክለኛ ሴል ካነበባችሁ በኋላ ያገኛችሁት አድራሻ ገና የባሱ አድራሻ ነው። ፕሮሰሰሩ የሚያየውን ለማግኘት «ሬንጅስ» የሚለውን ወደ ላይ እየተከተላችሁ እስከ ሥሩ መተርጎም አለባችሁ። ራዝበሪ ፓይ ለዚህ ጥሩ መማሪያ ነው። የዋናው ዩአርት ሬግ በሄክስ 7ኢ20 1000 ነው። በፓይ 3 ሬንጅሱ 7ኢ00 0000 ወደ 3ኤፍ00 0000 ይሄዳል ይላል፤ መጀመሪያውን ቀንሳችሁ ሁለተኛውን ስትደምሩ 3ኤፍ20 1000 ይሆናል። በፓይ 4 ደግሞ ያው ሬግ ወደ ኤፍኢ20 1000 ይወጣል። የሬንጅሱ አቀማመጥም ይለያያል። የልጁ አድራሻ በራሱ በባሱ ኖድ ሴል፣ የወላጁ አድራሻ በወላጁ ሴል፣ ርዝመቱ እንደገና በባሱ ኖድ ሴል ነው የሚቆጠረው። ፓይ 3 ላይ አንዱ ግቤት ሦስት ሴል ነው፤ ፓይ 4 ላይ የሥሩ አድራሻ 2 ሴል ስለሆነ አራት ይሆናል። ሦስት ብሎ የቆጠረ ኮድ ፓይ 4 ላይ የወላጁን አድራሻ 0 አድርጎ ያነባል።

ባዶ ሬንጅስና የሌለ ሬንጅስ ደግሞ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስሙ ኖሮ ዋጋው ባዶ ከሆነ አድራሻው ሳይለወጥ ያልፋል ማለት ነው። ስሙ ጭራሽ ከሌለ ፕሮሰሰሩ በቀጥታ ሊደርስበት አይችልም፤ የአይ2ሲ ልጆች እንደዚህ ናቸው። 68ን እንደ ሜሞሪ አድራሻ ወስዶ ለመንካት የሚሞክር ኮድ የሚጻፈው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

የአሰላለፍን ነገር ብዙ መጽሐፍ ስለማያነሳው እዚህ ላይ ልጨምረው። ሁለት ሴል የሆነ አድራሻ 64 ቢት ነው፤ በጥቅሉ ውስጥ ግን በ4 ባይት እንጂ በ8 ባይት መስተካከሉ የተረጋገጠ አይደለም። 64 ቢት አርም ላይ ኤምኤምዩ (የሜሞሪ አድራሻ ተርጓሚው) ገና ሳይከፈት ሜሞሪው እንደ ዲቫይስ ሜሞሪ ይቆጠራል፤ ያልተስተካከለ ንባብ ወዲያውኑ ፎልት ያስነሳል። ስለዚህ ሁለቱን ሴል ለየብቻ በ32 ቢት አንብባችሁ፣ እያንዳንዱን ገልብጣችሁ፣ ከዚያ አገናኙ። ኮምፓይለሩ ሁለቱን ንባብ መልሶ ወደ አንድ እንዳያጣምራቸው የአሰላለፍ ጥብቅነት ትእዛዙን በማሰናጃው ላይ ጨምሩ።

ኢንተራፕት (መሣሪያ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት ምልክት) ላይ አጭር ልሁን። የሴሎቹ ብዛት ከመቆጣጠሪያው ኖድ ይገኛል፤ መቆጣጠሪያው የትኛው እንደሆነ ኖዱ ላይ ካልተጻፈ ወደ ላይ እየወጣችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ይህኛው እንደ «አድሬስ-ሴልስ» ሳይሆን ይወረሳል። በአርም ጂአይሲ (የአርም ኢንተራፕት መቆጣጠሪያ) ላይ ሦስት ሴል ነው። በቨርት ማሽን የዩአርቱ ዋጋ 0፣ 1፣ 4 ነው፦ የጋራ ኢንተራፕት፣ ቁጥር 1፣ ከፍ ባለ ደረጃ የሚነሳ። የጋራ ኢንተራፕቶች ከ32 ስለሚጀምሩ ትክክለኛው ቁጥር 33 ነው። 32 መደመር ከተረሳ ኮንሶሉ ላይ ጽሑፍ ይወጣል፣ የምትጽፉት ግን አይገባም። አወጣጡ ወደቡ ዝግጁ እስኪሆን በመጠበቅ ስለሚሠራ፣ አገባቡ ግን ኢንተራፕት ስለሚፈልግ ነው።

ቀጥሎ የቅደም ተከተል ጉዳይ አለ። ሜሞሪ ለማደል ሜሞሪ የት እንዳለ ማወቅ ይጠይቃል፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ዛፉን ያለ ምንም ዕደላ ማንበብ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ጥቅሉን ባለበት እያነበባችሁ «ቾዝን»ን (የማስነሻ ትእዛዝና ኮንሶል የሚጻፉበትን ኖድ)፣ የሜሞሪ ኖዶችንና የተያዙትን ብቻ ታወጣላችሁ። ከዚያ አዳዩ ይነሳል፤ በሁለተኛው ዙር ዛፉ በሜሞሪ ላይ ይገነባል፣ ኖዶች በቁጥር የሚጠቃቀሱበት ፋንድልም ያኔ በቀላሉ ይፈለጋል። ሊኑክስም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ለአዳዩ ከመሰጠታቸው በፊት የሚወጡት ቦታዎች እነዚህ ናቸው፦ ከርነሉ ራሱ፣ ኢኒትአርዲው (ከከርነሉ ጋር የሚጫነው የመነሻ ፋይል ስርዓት)፣ በራስጌው የተጠቆመው የተያዙ ቦታዎች ዝርዝር፣ «ሪዘርቭድ-ሜሞሪ» በሚለው ኖድ ሥር ያሉት፣ እና ጥቅሉ ራሱ። የመጨረሻው በብዛት ይረሳል። ከተረሳ ቦርዱ በደንብ ይነሳና ጥቂት ቆይቶ አንድ ድራይቨር የማይነበብ ስም ይዞ ይወድቃል፤ አዳዩ ዛፉ ያለበትን ገጽ ለሌላ ሥራ ሰጥቶታልና።

ድራይቨር ሲመረጥ «ኮምፓቲብል» አንድ ቃል እንዳልሆነ አስታውሱ። በዜሮ ባይት የተለያዩ ብዙ ስሞች በአንድ ዋጋ ውስጥ ይሰለፋሉ፤ ከዝርዝሩ ወደ አጠቃላዩ። በተራ የጽሑፍ ማነጻጸሪያ የሚሠራ ኮድ የመጀመሪያውን ስም ብቻ ያያል፤ አዲስ ሞዴል ቺፕ ሲገጠም የድሮው ድራይቨር ሊሠራ እየቻለ «አልተገኘም» ይላል። «ስታተስ» ከሌለ ደግሞ መሣሪያው በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ኮንሶሉን ከቾዝን «ኤስቲዲአውት-ፓዝ» ስታወጡ ከሁለት ነጥቡ ምልክት በኋላ ያለውን የፍጥነት ጽሑፍ ቁረጡ፤ የቀረው በቀጥታ መንገድ ካልሆነም በ«አሊያስስ» ኖድ ውስጥ ፈልጉት።

አሁን ጣቢያው ሜዳ ላይ ነው እንበል፤ ሊኑክስ ተነስቷል፣ ሞደሙ ግን የለም። ኤስዲ ካርዱ ላይ ያለውን ፋይል ከፍቶ ማየት አይበቃም፤ ቡትሎደሩ ዩ-ቡት የሜሞሪ መጠን፣ የማስነሻ ትእዛዝ፣ የኢኒትአርዲ አድራሻ ይጨምርበታል። ከርነሉ የተቀበለውን ጥቅል /ሲስ/ፈርምዌር/ኤፍዲቲ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በዲቲሲ ወደ ጽሑፍ መልሳችሁ ከምንጩ ጋር አስተያዩ። ኖዱ ካለና ድራይቨሩ ካልያዘው፣ ዲበግ-ኤፍኤስ (የከርነሉ መመርመሪያ የፋይል ስርዓት) ውስጥ «ዲቫይስስ-ዲፈርድ» የሚለውን ፋይል ተመልከቱ። ሞደሙ የኃይል መክፈቻውን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ መክፈቻው የጂፒአይኦ ድራይቨሩን ይጠብቃል፤ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ያልተካተተ ከሆነ ሁሉም እንደተሰለፉ ይቀራሉ። አይ2ሲ ላይ ደግሞ ባሱን በሚቃኘው ፕሮግራም ዝርዝር በ68 ቦታ «ዩዩ» ካያችሁ ድራይቨር ይዞታል፤ ቁጥሩን ካያችሁ ቺፑ አለ፣ የያዘው ግን የለም፤ ሰረዝ ከሆነ ሽቦውንና ኃይሉን ፈትሹ።

ባሮሜትሩ 815 ሄክቶፓስካል አካባቢ ካነበበ አትደንግጡ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ በዚህ ከፍታ ልኩ ይኸው ነው። 1013 ካነበበ ነው ሶፍትዌሩ ወደ ባሕር ወለል እየቀየረው እንደሆነ መጠርጠር ያለባችሁ፤ በዚያ ቁጥር የውሃውን ከፍታ ብታርሙ ሁለት ሜትር ያህል ትሳሳታላችሁ።

ከታዳሚዎች ሁለት ጥያቄ ቀርቧል። የመጀመሪያው፦ «ዛይፈርም (ለትንንሽ ቦርዶች የሚሆነው ስርዓተ ክወና) ዲቫይስ ትሪ አለው፤ ይህ ሁሉ እዚያም ይሠራል?» የአጻጻፉ ሕግ ይሠራል፤ ንባቡ ግን የለም። ዛይፈር ዛፉን የሚያነበው ኮዱ ሲሰናዳ ነው፤ ወደ ሲ ማክሮዎች ይለውጠዋል፣ በቦርዱ ላይ ጥቅልም አንባቢም አይኖርም። ጥቂት ኪሎባይት ራም ላለው ማይክሮኮንትሮለር ትክክለኛው ምርጫ ይኸው ነው። በምትኩ አንድ ኢሜጅ ለሁለት ዓይነት ቦርድ አይሆንም። የሴል ስሕተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጎርጎራ ላይ ሳይሆን እዚሁ ስታሰናዱ ይወጣል።

ሁለተኛው፦ «ኮንሶሉን የምናገኘው ከዛፉ ከሆነ፣ ዛፉ ሳይነበብ ከርነሉ ቢሞት ምን እናያለን?» ምንም አታዩም፤ ስለዚህ ለሙከራ ጊዜ ብቻ የዩአርቱን አድራሻ ከመመሪያው ወስዳችሁ በእጅ ጻፉት። ቡትሎደሩ ፍጥነቱን አስተካክሎ ስለሚተወው ወደ ዳታ ሬጂስተሩ አንድ ባይት መጻፍ ይበቃል። ቨርት ማሽን ላይ በሄክስ 0900 0000 ነው። ስታክ እንደተዘጋጀ «1»፣ መለያው ልክ ሲሆን «2»፣ ሜሞሪው ሲገኝ «3»፣ ኤምኤምዩ ሲከፈት «4» አትሙ። «1» ላይ ከቆመ መጀመሪያ ኤክስ0ን መርምሩ፤ ኪውኢሙ የኢኤልኤፍ (የተሰናዳ ፕሮግራም ፎርማት) ፋይል ሲሰጠው ኤክስ0 ላይ አድራሻ አያስቀምጥም፣ ጥቅሉን 4000 0000 ላይ አኑሮ ይተወዋልና። «2» ላይ ከቆመ ሴሎቹን። «3» ላይ ከቆመ ደግሞ ከርነሉ ደህና ሊሆን ይችላል፤ የዩአርቱ አድራሻ በገጽ ሰንጠረዡ ውስጥ እንደ ዲቫይስ ሜሞሪ ካልተካተተ «4»ን ለማተም የሞከረው መስመር ራሱ ነው የሚወድቀው።